ወጌሻ ወይስ ሐኪም?

ደባርቅና ዳባት ገጠር አንድ ሰው ወድቆ አንጓው ቢያብጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። እኛ የከተማ ልጆች ደግሞ ይህን ስንሰማ «ኋላ ቀርነት» ብለን እንፈርዳለን። ቆይ እስቲ! ከሰሜን ተራሮች ግርጌ መኪና መንገድ ለመድረስ ሰዓታት በእግር ወይም በበቅሎ ይኬዳል። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ካለ ግን ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው፣ የራጁ፣ የአልጋው ብርስ? ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው።

እንዲህ ስንል ወጌሻ ሁሌ ልክ ነው ማለታችን አይደለም። ወለምታና ስብራት በመዳሰስ ብቻ ሁልጊዜ አይለዩም፤ ራጅ ያስፈልጋል። ትልቁ አደጋ ደግሞ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። እጁ ሲያብጥ ማሰሪያው ደም ይከለክላል፤ ጣት ይጠቁራል፤ መጨረሻው መቆረጥ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ወጌሻውን እናባርረው? አይሆንም፣ እናሠልጥነው! ዶ/ር መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ሰበብ የሚቆረጡ እጅና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይተዋል። አንድ ቀን ብቻ!

እስከዚያው እናንተም ለቤተሰብ ደውላችሁ ንገሩ፦ ቁስል ካለው ወይም አጥንቱ ከተጣመመ ቀጥታ ሆስፒታል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ይኬድ። ወጌሻውን አክብሩት፤ ጣቶቹን ግን እዩ።