ኮፓው ሲያንጠባጥብ

በዚህ እትም ከመኪናችሁ ሆድ ሥር ልንወስዳችሁ ነው። “መኪና የእሱ ጉዳይ ነው” ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ እህቶች ካላችሁ ጥቂት ታገሡን፤ ነገሩ ሁለታችሁንም ይመለከታል።

እሁድ ከአምልኮ ስትመለሱ መኪናው ልጆችና እንግዳ ጭኖ ዝቅ ብሏል እንበል። አንዱን ጉብታ ስታልፉ ከሥር “ጓ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናው ግን መሄዱን ቀጠለ፤ የሚነዳውም ሰው ወቀሳ ፈርቶ ዝም አለ። በማግስቱ መኪናው ባደረበት ቦታ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ጠብታ ታየች። የስንቱ ሞተር ጥፋት የሚጀምረው በእንዲህ ዓይነት ጠብታና ዝምታ ነው!

የተመታው መካኒኮች ኮፓ የሚሉት፣ ከሞተሩ ሥር በብሎን የታሰረው የዘይት መያዣ ነው። በብዙ ትናንሽ የቤት መኪኖች ከ3 እስከ 4 ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። በውስጡ ወንፊት ያለው መምጠጫ አለ፤ ፓምፑ ዘይቱን በዚያ በኩል ስቦ ወደ ሞተሩ ክፍሎች ይልካል። ስለዚህ ኮፓው ባያፈስም እንኳ፣ በጣም ከተሰረጎደ መምጠጫውን ሊዘጋው ይችላል። ዘይት ያጣ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። እየነዳችሁ ሳለ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ “ቤት ልድረስና” አትበሉ። ዳር ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ።

ኮፓውን ከማስፈታታችሁ በፊት ዘይቱ የሚወርደው በእርግጥ ከእርሱ መሆኑን አረጋግጡ። ከፊልትሮው፣ ከማፍሰሻው ብሎን ወይም ከሞተሩ የላይኛው ክዳን የሚወርድ ዘይትም ኮፓው ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ሥሩን በደንብ ጠርጉ፤ ጥቂት ነድታችሁ መልሳችሁ እዩ።

አፈታቱ

በአንዳንድ መኪኖች ኮፓውን ለማውጣት የጭስ ማውጫውን መፍታት ወይም ሞተሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ ለጋራዥ ስጡት። ሥራው ቀላል በሆነበት መኪና ላይ ግን፣ መሣሪያውና ልምዱ ካላችሁ፣ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ደግፉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ከቶ አትግቡ። ድንጋይና ብሎኬትም ድንገት ይሰነጠቃሉ፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የብረት መቆሚያ ተጠቀሙ። የአባት ሕይወት ከማንኛውም ሞተር ይበልጣል!

ዘይቱ ለብ ሲል አፍስሱት፤ ትኩስ ከሆነ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ የኮፓውን ብሎኖች ፍቱ። ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ካርቶን ላይ የኮፓውን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን በየቦታው ሰኩት። ይህን አንዳችሁ ከላይ ሆናችሁ ብትሠሩት ምንኛ ደስ ይላል! ኮፓው በሲሊኮን ተጣብቆ እምቢ ካለ በካቻቪቴ አትፈልቅቁት፤ ፊቱ ከተጫረ እንደገና ያፈስሳል። በቀጭን የማጣበቂያ መቁረጫ ስለት ዙሪያውን በትዕግሥት አላቅቁት።

አገጣጠሙ

ኮፓው ከተሰነጠቀ ወይም በጣም ከተሰረጎደ ይለወጥ። አለበለዚያ እጠቡት፤ የመምጠጫውን ወንፊትም አጽዱ። የኮፓውንና የሞተሩን ፊት ከአሮጌ ሲሊኮንና ከዘይት ፈጽማችሁ አጽዱ፤ ቅባት የነካው ፊት ሲሊኮን አይይዝም።

መኪናው ጓርኒሲዮን የሚወስድ ከሆነ አዲስ ግዙ። በሲሊኮን የሚታሸግ ከሆነ ደግሞ ለሞተር ዘይት የተሠራውን ምረጡ። ሳይቋረጥ በቀጭኑ ዙሪያውን ቀቡ፤ በብሎኖቹ ቀዳዳዎች አጠገብ ስትደርሱ በውስጠኛው በኩል ይለፍ። “ይጠንክር” ብሎ ማብዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይደርቃል፤ ከተቆረጠም ወንፊቱን ይዘጋል። ማፍሰስን እናቆም ብለን ሞተሩን ማነቅ ማለት ይህ ነው።

ብሎኖቹን ሁሉ አስቀድማችሁ በእጅ አስገቡ። ከዚያ ከመካከል ጀምራችሁ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። ብዙውን ጊዜ ትናንሽ ብሎኖች ስለሆኑ የጉልበት መፈተኛ አይደሉም፤ የመኪናው መመሪያ የሰጠውን ልክ በልክ መለኪያ ቁልፍ ጠብቁ። ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ አድርጉ።

ያቺ ወረቀት

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ዘይት የለም። ማታ ባለቤታችሁ ሳታውቅ፣ ወይም ሳያውቅ፣ መኪናውን ቢያስነሣስ? ስለዚህ “ዘይት የለውም፤ እንዳታስነሡ” ብላችሁ ጽፋችሁ መሪው ላይ ለጥፉ፤ ቁልፉንም ኪሳችሁ ያዙት፤ በአፋችሁም ተናገሩ።

ሰዓቱ ሲሞላ ትክክለኛውን ዓይነትና መጠን ዘይት ሙሉ፤ አስነሡ። ቀዩ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ከጠፋ ሥሩን እዩ። ከዚያም መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አውርዳችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ዘይቱን ለኩ። ለሊቱን ካርቶን ከሥር አንጥፉ፤ ጠዋት ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። አሮጌውን ዘይት ቱቦና ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ በጀሪካን ይዛችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ዛሬ ማታ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፦ “መኪናው ከሥር ቢመታ፣ ሳልፈራ ልንገርህ?” “ሳልቆጣ ልስማሽ?” ተባባሉ። ኮፓ ማስጠገን ከሞተር መግዛት እጅግ ይረክሳል። ይህን ርካሽ ዕድል የምታገኙት ግን ያቺ “ጓ!” ያለች ድምፅ በዚያው ቀን ስትነገር ነው።