«ባከነች» አትበሏት

ስቴፈኒ ኮርትኒ ቢባል ብዙ ሰው «ማን ናት?» ይላል። ፍሎ ሲባል ግን አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሁሉ ያውቃታል፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚያሽከረክረው ወገናችንም ጭምር። ነጭ ሽርጥ፣ ደረቷ ላይ የስም ባጅ፣ ወደ ላይ የተነፋ የድሮ ዘመን ፀጉር፣ ደማቅ ቀይ ከንፈር። ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ፍሎ ሆና የፕሮግሬሲቭ ኩባንያን የመኪና ኢንሹራንስ እንደ ሱቅ ሸቀጥ ከመደርደሪያ እያወረደች ስትሸጥ ኖራለች።

ስለ እሷ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አስተያየት አለ፦ «እንዲህ ያለች ተዋናይት በማስታወቂያ ባከነች።» ሐዘኔታ ይምሰል እንጂ ንቀት ነው። ትያትርን ከላይ፣ ፊልምን ከሥሩ፣ ተከታታይ ድራማን ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ ማስታወቂያን ከደጅ የሚያስቀር ንቀት። እኛም ዘንድ አለ፤ መድረክ ላይ ያጨበጨብንላት ሴት የዘይት ጀሪካን አቅፋ ብቅ ስትል «ምን ቸግሯት ነው!» ማለት ይቀናናል።

እስቲ ሥራውን እንየው። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ደንበኛው ዋጋውን አይቶ «ዋው» ይላል። ሌላ ሻጭ ብትሆን ፈገግ ብላ ታመሰግን ነበር። ፍሎ ግን እሷም «ዋው!» ትልና፣ ጮክ ብላ ያለችው እሷ መሆኗን ትነግረዋለች። በቃ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ሴትየዋን አውቀናታል፦ ሥራዋን ከልክ በላይ የምትወድ፣ በመደነቅ እንኳ ከደንበኛ ጋር የምትፎካከር፣ ሱቁ ሲዘጋ የት እንደምትገባ ግራ የሚያጋባ ፍጥረት። ይህን ሁሉ ለመሥራት የተሰጣት ጊዜ ከ30 ሰከንድ ላይ ዋጋውና የኩባንያው ስም የሚወስዱት ተቀንሶ የተረፈው ነው። የመድረክ ኮሜዲያን ተመልካቹ እስኪሟሟቅለት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ የሚቀየመው የለም።

ችሎታው ደግሞ በአንድ ጀምበር አልመጣም። ኮርትኒ የወጣችው ከግራውንድሊንግስ ነው፤ በ1974 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተቋቋመ፣ ተዋናይ ያለ ጽሑፍ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠረ እንዲጫወት የሚያሠለጥን ቡድን ነው። ስመ ጥሮቹ ኮሜዲያን ዊል ፌሬል፣ ሊሳ ኩድሮውና ክሪስተን ዊግም እዚያው ነው ያለፉት። እነሱ በዚያ ትምህርት ሲሠሩበት ጥበበኛ፣ እሷ ስትሠራበት የባከነች የምትባለው በምን ሒሳብ እንደሆነ የሚያስረዳ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ግብዝነቱማ ልክ የለውም። ኮርትኒ ፍሎ ከመሆኗ በፊት «ማድ ሜን» በተባለው ድራማ ማርጅ የተባለችውን የስልክ ኦፕሬተር ተጫውታለች። ድራማው የማስታወቂያ ድርጅት ሰዎች ታሪክ ነው። ከ2008 እስከ 2011 አራት ጊዜ በተከታታይ የቴሌቪዥኑን የኤሚ ምርጥ ድራማ ሽልማት ወሰደ፤ በ2015 ሲያበቃ የተዘጋው በ1971ዱ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ነበር። እንግዲህ ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰውዬ ታሪክ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ማስታወቂያውን የምትጫወተው ሴት ግን ታሳዝናለች!

ማስታወቂያ ተዋናይን ይገድላል የሚለውም አያስኬድም። ናንሲ ዎከር በ1941 ወደ ብሮድዌይ መድረክ የወጣች ኮሜዲያን ናት። ከ1970 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ሮዚ ሆና የፈሰሰውን ሁሉ በባውንቲ የወረቀት ፎጣ ስትጠርግ ኖራለች። በዚያው ጊዜ «ሮዳ» በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ የሮዳ እናት ሆና አገሩን ታስቅ ነበር፤ ለኤሚም ደጋግማ ታጭታለች።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ፊቱ ከአንድ ዕቃ ጋር የተጣበቀ ተዋናይ በሌላ ሚና ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃውን ነው። ይህ ለተዋናይ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህም ካሣ ሊኖረው ይገባል። በ2000 ሁለቱ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበራት ለስድስት ወር የማስታወቂያ ሥራ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነበር። ኩባንያዎቹ ማስታወቂያው በተላለፈ ቁጥር ይከፍሉት የነበረውን ትተው አንዴ ከፍለው ሊገላገሉ ፈለጉ፤ ተዋንያኑ አሻፈረኝ አሉ፤ በትልልቆቹ ጣቢያዎች የነበራቸውንም ክፍያ አስከበሩ። ለተዋናይ መቆርቆር ማለት ይህ ነው፤ ከሶፋ ላይ ሆኖ ከንፈር መምጠጥ አይደለም።

ለእነማን መቆርቆር እንደሚገባ ለማየት ክላራ ፔለርን እናስታውስ። ጥፍር በመሥራት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ የቺካጎ አዛውንት ነበሩ። በ1984፣ ሰማንያን አልፈው፣ የሌላ ሃምበርገር ቤት ዳቦ ሲገለጥ «ሥጋው የታል?» ብለው በመጮህ ዌንዲስ የተባለውን ሃምበርገር ቤት አገር እንዲያውቀው አደረጉ። ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ዋልተር ሞንዴል እንኳ በምርጫ ክርክር ተፎካካሪውን ጋሪ ሃርትን የወጋው በእሳቸው ጥያቄ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፔለር ለፕሬጎ የፓስታ ሶስ ማስታወቂያ ሠርተው ሥጋውን እዚያ አገኘሁት አሉ። ዌንዲስም ሥጋው ሊገኝ የሚችለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው ብሎ አሰናበታቸው። መብት ያለው ባለ ስሙ ኩባንያ እንጂ ባለ ድምፅዋ ሴትዮ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ታየ።

የሚያንገበግበን እንዲህ ያለው አያያዝ ይሁን። ኮርትኒ ሽርጥ መታጠቋን ተዉት፤ ሙያዋን አሳምራ ሠርታለች። የምትጠይቁት ካለ፣ ያ ፊትና ያ ድምፅ ነገ የማን እንደሚሆን ጠይቁ። ፔለር በ1987 አረፉ፤ ዌንዲስ የእሳቸውን ጥያቄ በ2011 እንደገና አውጥቶ ሃምበርገር ሸጦበታል።