ለአንድ ልጅም ቢሆን የክትባቱ ብልቃጥ ይከፈት

ኩፍኝ የያዘው ልጅ ትኩሳቱ በርዶለት፣ ሽፍታው ከስሞለት ሲነሳ ቤተሰብ «ወጣለት» ብሎ እፎይ ይላል። አደጋው ግን በዚህ አያበቃም። ቫይረሱ ሰውነት ቀድሞ የታገላቸውን በሽታዎች የሚያስታውሱትን የመከላከያ ሕዋሳት ለይቶ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ፣ ካካበቱት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ አግኝቷል። ልጁ አንዴ ያሸነፈው የሳንባ ምች ወይም ተቅማጥ ተመልሶ ሊጥለው ይችላል። ጉዳቱ ከ2 እስከ 3 ዓመት ሊዘልቅ እንደሚችልም ሌሎች ጥናቶች ያመለክታሉ። በተዳከመ ቫይረስ የሚዘጋጀው ክትባት ግን ይህን ጉዳት አያስከትልም።

በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለተኛው በ15ኛው ወር ይሰጣል። ወረርሽኝን ለመግታት 95 በመቶ ሽፋን ያስፈልጋል፤ በዚያው ዓመት የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ግን የመጀመሪያውን ያገኙት ከ100 ሕፃናት 59ኙ ብቻ ነበሩ።

ክፍተቱን በእናቶች ቸልተኝነት ብቻ ማሳበብ አይገባም። ለብዙ ልጆች የሚበቃው የክትባት ዱቄት አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። በዚህ ምክንያት በድሬዳዋ ፀሐይ ልጇን አዝላ የመጣች እናት «ልጆች ሲበዙ ነው የሚከፈተው፣ ሌላ ቀን ነይ» ከተባለች፣ የቀን ሥራዋን ትታ ዳግመኛ መምጣት ላይሆንላት ይችላል። የጤና ባለሙያዋም ብትሆን በብክነት እንዳትጠየቅ ትሰጋለች።

አቋማችን ግልጽ ነው፤ በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገጠር ቀበሌዎች፣ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት። የከተማው ጤና ቢሮ ይህን በግልጽ መመሪያ ያሳውቅ፤ የሚጣለውንም አስቦ ክትባት ይመድብ፤ ባለሙያዎችን ከተጠያቂነት ስጋት ነፃ ያውጣ። መዋዕለ ሕፃናትም በምዝገባ ወቅት የክትባት ካርድ ይጠይቁ፤ የጎደለበትን ልጅ ከትምህርት ሳያስቀሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።

ድሬዳዋ የጅቡቲ፣ የሶማሌና የሐረርጌ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ እዚህ ሳይከተብ የቀረ ልጅ ለሩቁም ሰው ስጋት ነው። የተጣለ ክትባት በገንዘብ ይተካል፤ አንድ ሕፃን በኩፍኝ የሚያጣውን የመከላከል አቅም ግን የትኛውም በጀት አይመልሰውም።