የቤተ ሰብ ምክር፤ ስለ ራራ ሐይቅና ከዳርቻው ስለ ተነሡ ቤቶች
ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንናገረው ነገር የሩቅ አገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ሕዝብ ለማስተዳደር ለተሾመና ቤቱን ለሚመራ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

በኔፓል አገር፣ በምዕራብ በኩል፣ ራራ የሚባል ሐይቅ በተራሮች መካከል ይገኛል። በዚያች አገር ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ይህ ነው። የተኛበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,990 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም 167 ሜትር ይደርሳል። የአገሩ ንጉሥ የነበሩት ማሄንድራ በ1964 ሄደው ባዩት ጊዜ ውበቱ ደስ ስላሰኛቸው ግጥም ጽፈውለታል።

በ1976 መንግሥቱ ሐይቁን ከነዙሪያው፣ 106 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ምድር፣ ከልሎ እንዲጠበቅ አደረገ። ደኑ ካልተጠበቀ ውሃው አይጠበቅምና አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በክልሉ ውስጥ ራራና ጫፕሩ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ሰዎቹም ከቤታቸው ተነሥተው ባርዲያ በሚባለው ሞቃት ቆላ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚያገኘው የኛ አገር ሰው በሚገባ ያውቀዋል። አባት የለመደው የእርሻ ወራት፣ እናት የምታውቀው እህልና የመድኃኒት ቅጠል ሁሉ በተራራው ይቀራል። ቤት ማለት ግድግዳና ክዳን ብቻ አይደለም፤ ርስትና ጎረቤትም ጭምር ነው። እኛ በጽሕፈት የምንውል ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባናል፤ «ይነሡ» ብሎ በወረቀት መጻፍ አንድ ቃል ነው፤ ለተነሣው ቤተ ሰብ ግን የዕድሜ ልክ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1993 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ከተጠበቀው ክልል ከሚገኘው ገቢ ከመቶው ከ30 እስከ 50 የሚሆነው እጅ በዙሪያው ለሚኖሩት ሰዎች ልማት እንዲውል ተፈቀደ። በራራም በ2006 መንደሮቹ ሳይነሡ ከጥበቃው ጥቅም የሚያገኙበት የዳርቻ ቀበሌ ተወሰነ።

በቤታችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከአትክልቱ የሚበላ ልጅ አትክልቱን ሳይታዘዝ ይጠብቃል፤ ከደጅ የተባረረ ግን አጥሩ ቢፈርስ አይገደውም። ስለዚህ ወሰን የሚያስምር ሹም፣ ገመዱን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ በውስጡ ስንት ምድጃ እንደሚጨስ ይቍጠር፤ ባለ ምድጃዎቹንም ጠርቶ ይጠይቅ።