የተረሳው ዘመዳችን

«ጦርነት በደማችን ያለ ነገር ነው» የሚል ሰው በገጠመኝ ቁጥር ማስረጃው አንድ ነው፤ ቺምፓንዚ። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1978 ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ በሚባለው ጫካ፣ ጄን ጉዳል የምታጠናው የቺምፓንዚ መንጋ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ወገን የሌላውን ወንዶች አንድ በአንድ እያሳደደ ገደለ።

እሺ፤ ቦኖቦስ የት ሄደ? ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ የሚኖረው ይህ እንስሳ በዘር የቺምፓንዚን ያህል ይቀርበናል። ዘመድ ሲቆጠር አንዱን ጠርቶ ሌላውን መዝለል ምን ይሉታል? ሁለት የቦኖቦ መንጋዎች ሲገናኙ ይጯጯሁ ይሆናል፤ ግን አብረው ሲበሉ፣ አንዱ የሌላውን ጸጉር ሲያጸዳ ይውላሉ። እንደ ጎምቤው ያለ ጦርነት አልታየባቸውም።

መላእክት ናቸው አልወጣኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት የቦኖቦ ወንዶች እርስ በርስ ከቺምፓንዚዎቹ ይበልጥ እንደሚጋጩ አሳይቷል። ነገር ግን ወንዱ ሲያስቸግር ሴቶቹ ተባብረው ያባርሩታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደል?

ስለዚህ ወዳጄ፣ ጥፋትህን በቺምፓንዚ አታላክክ። ሰላም የሚገኘው ጉልበተኛን አደብ የሚያስገዛ ኅብረት ሲኖር ነው። ኅብረት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም።