የማይሞላው ሽንት ቤት ወዴት ይፈስሳል?

«የእኛ ሽንት ቤት ሞልቶ አያውቅም» የሚለው አነጋገር በሀደሮም፣ በዱራሜም፣ በሆሳዕናም ብዙ ጊዜ በኩራት ይነገራል። አባወራው ቤት ሲሠራ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስደርድሮ፣ ላዩን በሲሚንቶ ካስደፈነ በኋላ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሳያስመጥጥ መኖሩን እንደ ቁጠባ ይቆጥረዋል። ለሐኪም ግን ይህ የሚያሳስብ ወሬ ነው። ስድስትና ሰባት ሰው በየቀኑ የሚገለገልበት፣ ውሃም የሚደፋበት ጉድጓድ ካልሞላ ፈሳሹ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው።

አገራችን ሽንት ቤት በማዳረስ ረገድ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ 92 በመቶ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። ይሁንና ሲቆጠር የኖረው ከላይ የሚታየው ቤት እንጂ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው «ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» ንቅናቄም ትኩረቱን በሕዝብ መጸዳጃ ላይ አደረገ፤ ከአጥር ውስጥ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ በኋላ ወደ አብዛኞቹ ክልሎች መዛመቱን ስናስታውስ ግን ጉዳዩ የግቢ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የለንደኑ ታሪክም የተያያዘው ከአንድ ቤት ጉድጓድ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በብሮድ ስትሪት አካባቢ ከ600 በላይ ሰዎች በኮሌራ ሞቱ። ዶክተር ጆን ስኖው ምንጩ የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ መሆኑን አመለከተ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው በቀጣዩ ዓመት የተደረገው ቁፋሮ ነው። በ40 ቁጥር ቤት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የሚደፋበት ጉድጓድ ጡቡ ተበልቶ ተገኘ፤ ከውሃው ጉድጓድ የሚለየውም ከአንድ ሜትር ያነሰ አፈር ነበር። ባለቤቱ ቀደም ብሎ ከፍቶ ቢያየው ኖሮ ብልሽቱ በዓይን የሚታይ ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። በካምባታ ገጠር የቀድሞው አሠራር የራሱ ብልሃት ነበረው። ሽንት ቤቱ ከእንሰቱ ጓሮ ዳር ይቆፈራል፤ ሲሞላ በአፈር ተደፍኖ ሌላ ይቆፈራል። ይህ የሚሠራው ግን ሰፊ ጓሮ ሲኖር ነው። በዝንጅብሏ የምትታወቀው ሀደሮን ጨምሮ የወረዳ ከተሞቻችን ቤት እየጠበቀባቸው ነው። አሥር በሃያ ሜትር የሆነ ቦታ እናስብ። ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 22 ሜትር ገደማ ነው። በሽንት ቤትና በውሃ ጉድጓድ መካከል ሊኖር ይገባል ተብሎ የሚመከረው ርቀት ግን 30 ሜትር ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ግቢ ሁለቱንም በደኅንነት መቆፈር አይቻልም፤ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ መሆኑንና መሬቱ ተዳፋት መሆኑን ሳንጨምር ማለት ነው። ቧንቧ ሲጠፋ ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚቀዳ ሰው ውሃውን ሳያፈላ ወይም እንደ «ውሃ አጋር» ባለ ማከሚያ ሳያክም ባይጠጣ ይሻላል። በአንድ ቤት ውስጥ ልጆች እየተፈራረቁ ሲያስቀምጣቸው፣ «ታይፎይድ ነው» እየተባለ በየወሩ መድኃኒት ሲገዛ፣ እኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ ስለ ጉድጓዱ መጠየቅ እመርጣለሁ።

ፍተሻው ብዙ ወጪ የለውም። መጀመሪያ ሳትከፍቱ ተመልከቱ። መቀመጫው ላይ የተደፋ ውሃ ቀስ ብሎ የሚወርድ ወይም የሚያንቃርር ከሆነ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መሬት በበጋም የሚረጥብ ወይም ሣሩ ለብቻው የሚለመልም ከሆነ፣ ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ ወይም መሬቱ ከሰረገ ችግር አለ። የሰረገ መሬት ላይ ማንም እንዳይቆም፤ በክረምት ሰውና ከብት ይዞ የሚደረመሰው እንዲህ ያለው ነው።

ቀጥሎ ክዳኑን በቀን፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ክፈቱ። ሕፃናትን አርቁ። ሲጋራም ሆነ ሻማ አይቅረብ፤ ከውስጥ የሚወጣው ሜቴን ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ጥቂት አናፍሱት፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን። ረጅም ዘንግ ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ታች አውርዱና ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የቀረው የዝቃጩን ውፍረት ይነግራችኋል። ዝቃጩና ከላይ የተንሳፈፈው አንድ ላይ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ከያዙ ማስመጠጫው ጊዜ ደርሷል። ውሃ የማይደፋበት ተራ ሽንት ቤት ከሆነ ከወለሉ እስከ ቆሻሻው ግማሽ ሜትር ሲቀር መጠቀም ይቁም።

የፈሳሹን ከፍታም ልብ በሉ። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ፈሳሹ ሁልጊዜ ከመውጫው ቱቦ አፍ እኩል ይቆማል። ከዚያ ዝቅ ካለ ግድግዳው ወይም ወለሉ ተሰንጥቆ እያፈሰሰ ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ ደግሞ ማስረጊያው ጉድጓድ ተደፍኗል። ሲከፈት ወለል የሌለው፣ ታቹ አፈር የሆነ ከተገኘ ስሙ ሴፕቲክ ታንክ ቢሆንም ሥራው እንደዚያ አይደለም። «የማይሞላ» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው።

ምንም ነገር ቢወድቅ፣ ስልክም ቢሆን፣ ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ሲበረታ የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሌላው አብሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በረኪና መድፋትም አይጠቅምም፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላል።

ከባዱ ነገር ማስመጠጡ ነው። አብዛኞቹ የወረዳ ከተሞች የራሳቸው መምጠጫ መኪና የላቸውም፤ ከሌላ ከተማ ማስመጣት ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳል። በዚህ የተነሳ በዝናብ ሌሊት ቱቦ ከፍቶ ወደ ቦይ የሚለቅ አለ። ሕጉ አካባቢን በሚበክል መንገድ ፍሳሽ ማስወገድን ይከለክላል፤ ሆኖም ዝቃጩ የሚወሰድበት ቦታ ሳይዘጋጅ ነዋሪውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ማዘጋጃ ቤቶች መኪና እስኪገዙ ድረስ የዝቃጭ መድፊያ ቦታ ቢለዩ፣ አምስትና ስድስት ጎረቤቶችም አንድ ቀን ቀጥረው መኪናውን በጋራ ቢያስመጡ ወጪው ይከፋፈላል። የወጣውን ወደ እንሰት ወይም ወደ ጎመን መደብ መድፋት ግን አይገባም፤ የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ጊዜውን በተመለከተ ግንቦት ይመረጣል፤ መሬቱ ገና በክረምቱ ዝናብ አልጠገበም። በአካባቢያችን ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። መሳላና ያሆዴ ሲከበሩ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሰባት ሰው የነበረበት ቤት ሃያ ይሆናል። መስከረም ላይ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ስለሚቆይ ማስረጊያው ተጨማሪውን አይቀበልም። በግንቦት ያልተፈተሸ ጉድጓድ ከእንግዶቹ ጋር ሞልቶ ወደ ግቢው ከወጣ፣ አካባቢውን አጥራችሁ ሕፃናትን ከልክሉ፣ በአቅራቢያው ካለ ጉድጓድ ውሃ መቅዳት አቁሙ፣ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ያኔውኑ ንገሩ።