የአየር ሞላ ሲያረጅ፦ የርካሽ መለዋወጫ ዕዳ የሚከፈለው የት ነው?

ባሕር ዳር፦ አዲስ ተሽከርካሪ መግዛት ለብዙዎች ከአቅም በላይ በሆነበት በዚህ ወቅት፣ ባለንብረቶች በእጃቸው ያለውን እየጠገኑ ማሠራትን መርጠዋል። በዚህም የተነሳ ቀድሞ የጥቂት ቅንጡ መኪናዎች ጉዳይ ይመስል የነበረው የአየር ሞላ ቅያሪ፣ ዛሬ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚጓዘውን አርሶ አደር፣ ነጋዴና ታካሚ ሁሉ የሚመለከት ሆኗል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከኦርጅናሉ ውጭ ያለውን አማራጭ መለዋወጫ መግጠም ያዋጣል ወይስ ለአደጋ ያጋልጣል?

አብዛኞቹ የጭነት ተሽከርካሪዎች ክብደታቸውን የሚሸከሙት በብረት ባሌስትራ ነው። በርካታ ዘመናዊ አውቶቡሶችና አንዳንድ የቤት መኪናዎች ግን በባሌስትራ ወይም በብረት ሞላ ፈንታ በተጨመቀ አየር የሚሞላ፣ በክር የተጠናከረ የጎማ ከረጢት ይጠቀማሉ። ጭነቱ ሲበዛ ቫልቭ ወደ ከረጢቱ አየር ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲቀንስ ያስወጣል። ተሽከርካሪው ባዶም ሆነ ሙሉ ቁመቱን የሚጠብቀውና ተሳፋሪው መንገጫገጭ የማይበዛበት በዚህ አሠራር ነው።

ድክመቱም ያለው እዚያው ጎማው ላይ ነው። ጎማው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በጠጠር መንገድ የሚነሳው አቧራና ጠጠር በመታጠፊያው መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሙቀትና ዕድሜም ያደርቁታል። በጣሪያ ላይ የሚደረደረው ጆንያ ደግሞ ከተወሰነለት ክብደት በላይ ያስጨንቀዋል።

የማርጀቱ ምልክቶች ለአሽከርካሪ የተሰወሩ አይደሉም። ሌሊቱን የቆመ መኪና ጠዋት በአንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ኮምፕሬሰሩ ከወትሮው በላይ ደጋግሞ ይነሳል። በጎማው መታጠፊያ ላይ ስንጥቅ ይታያል። የሳሙና ውኃ ሲቀባም አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳውን ያጋልጣል። ችላ ከተባለ ጉዳቱ በከረጢቱ ብቻ አይወሰንም፤ የሚያፈሰውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት የሚሠራው ኮምፕሬሰርም ይቃጠላል። አንድ ዕቃ ያተርፋል የተባለ ባለንብረት ሁለት ዕቃ ይገዛል ማለት ነው።

የምንዛሬው ጫና

ባለንብረቶችን ወደ አማራጭ መለዋወጫ የገፋቸው ዋናው ምክንያት ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ስሌት 200 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ትራንስፖርቱና ቀረጡ ሳይታሰብ፣ ከ11 ሺህ 400 ብር ወደ 24 ሺህ ብር አሻቅቧል።

በሌላ በኩል የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት አስወድዷል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ውሳኔዎቹ የየራሳቸው ዓላማ ቢኖራቸውም፣ በመንገድ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግል የሚያስገድዱ ናቸው። ዕድሜው የገፋ መኪና ደግሞ መለዋወጫ ይበላል።

አማራጭ ሁሉ አንድ አይደለም

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች መለዋወጫ ሱቆች "ኦርጅናል አይደለም" የሚባለው ዕቃ በአንድ ስም ቢጠራም ውስጡ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት፣ ለመኪና ፋብሪካዎች የአየር ሞላ የሚያመርቱ እንደ ኮንቲኔንታል ያሉ ኩባንያዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት ነው። ጥራቱ ከኦርጅናሉ እምብዛም የማይርቅ፣ ዋጋው ግን የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ራሳቸውን የቻሉ የመለዋወጫ አምራቾች የሚያቀርቡት ነው። ከእነዚህ መካከል ስማቸውን የሚጠብቁና ዋስትና የሚሰጡ አሉ። ሦስተኛው የታወቀ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥ አስመሳይ ዕቃ ነው። አደጋው ያለው እዚህ ነው፤ የክሩ ጥንካሬና የጎማው ጥራት በዐይን አይለይምና። ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ከረጢትም ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይደለም። ብረት ታጥቦ ሊያገለግል ይችላል፤ የደረቀ ጎማ ግን አይታደስም። በመጋዘን ብዙ ዓመት የተቀመጠ "አዲስ" ዕቃም ያረጃልና ገዢው የተመረተበትን ጊዜ ማየት ይኖርበታል።

የአየር ሞላውን ጨርሶ አውጥቶ በብረት ሞላ ወይም በባሌስትራ መተካት ሌላው መንገድ ነው። ባሌስትራ በየትኛውም የወረዳ ከተማ ጋራዥ ሊጠገን መቻሉ ለገጠር መንገድ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪው እንደ ጭነቱ ቁመቱን የማስተካከል ችሎታውን ያጣል፤ በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዙ መኪናዎች ላይም የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። በአውቶቡስ ላይ ሲሆን የሻንሲውን ማያያዣዎች መቀየር ስለሚጠይቅ ያለ መሐንዲስ ስሌት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ዕቃው ጥሩ ሆኖ ገጠማው ሲበላሽ

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ገጠማ ይበላሻል። አሮጌው ከመፈታቱ በፊት በመስመሩ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ታምቆ የቀረ አየር መካኒኩን ሊጎዳ ይችላል። ተሽከርካሪው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ ድጋፍ ላይ መቆም ይኖርበታል። አዲሱ ከረጢት አየር ሳይሞላ ሙሉ ክብደት ከተጫነበት እጥፋቱ ተቆንጥጦ በመጀመሪያው ቀን ሊቀደድ ይችላል። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ግራና ቀኝ በአንድነት ቢቀየሩም ይመረጣል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን ያልተቀየረው ብዙም ሳይቆይ መከተሉ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ክብደት የሚያገኘው መንገዱ ሲታሰብ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ የሚያቋርጥ አውቶቡስ በጥምዝምዙ ቁልቁለት አንዱ የአየር ሞላ ቢፈነዳ በዚያው ጎን ይዘነብላል፤ ጣሪያው ላይ የተጫነው ዕቃም ዝንባሌውን ያብሰዋል። በአውቶቡሶች ላይ የአየር ሞላውና ፍሬኑ አየር የሚያገኙት ከአንድ ኮምፕሬሰር ነው። የፍሬኑን አየር ለይተው የሚጠብቁ ቫልቮች ቢኖሩም፣ አየር የሚያፈስ ሞላን ይዞ መጓዝ እነዚያን ቫልቮች የመጨረሻ ተስፋ ማድረግ ነው።

መፍትሔው አማራጭ መለዋወጫን ማውገዝ አይደለም። ኦርጅናሉ ብቻ ይግባ ቢባል ብዙ ተሽከርካሪ ይቆማል፤ ተሽከርካሪ ሲቆም ቲማቲምና ሽንኩርት ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ታካሚም ከሆስፒታል ይቀራል። የሚያስፈልገው ገዢው የሚገዛውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። አምራቹን፣ የትውልድ አገሩንና ዋስትናውን የሚገልጽ ደረሰኝ መጠየቅ ከዚሁ መብት ይመነጫል።

ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም የሞላ ጎማን ስንጥቅና የተሽከርካሪውን ሚዛን በጥብቅ ቢመለከት፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሠልጣኞቻቸውን ከባሌስትራ አልፈው የአየር ሞላ ቢያሠለጥኑ ችግሩ ከሥሩ ይቀንሳል። ባለንብረቱ በመለዋወጫ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ሺህ ብር ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን ስለ ሞላው አልተጠየቀም፤ ዕዳው ሲመጣ ግን አብሮ ከፋይ ነው።